የፊታውራሪ መሸሻ ወዳጆች

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ዘለቀ። ነገሩ የተጀመረው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አንደኛው ጓደኛችን፣ «ፊታውራሪ መሸሻ የሚባል ሰው ዛሬ የለም፤ ከነካባው፣ ከነበቅሎው፣ ከነአሽከሩ አልቋል። ስለ ሞተ ሰው ምን ያከራክረናል?» አለ። ከጥግ የተኛው ደግሞ፣ «የለም? እኔ ያደግሁት እኮ እሳቸው ቤት ነው!» ብሎ መለሰ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንዳልወሰደኝ ነው ዛሬ በዚህች ግድግዳ ላይ ልጽፍ የተነሣሁት።

ፊታውራሪ መሸሻ በሥጋ የኖሩ ሰው አይደሉም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ ውስጥ የፈጠሯቸው የጎጃም ባላባት ናቸው። ሆኖም ስማቸው ከብዙ እውነተኛ ባላባት ስም ይልቅ ይታወቃል። መጽሐፉን ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቷቸዋል። የቤት አባት ናቸው፤ ሚስት አላቸው፣ ወይዘሮ ጥሩአይነት፤ ልጅ አለቻቸው፣ ሰብለ ወንጌል። ልጃቸውን የጠየቀውን ሁሉ አጥንቱን እየቆጠሩ መለሱ። ይሄ ዘሩ ጎደለ፣ ያኛው ማዕረጉ አነሰ ሲሉ ልጅቷ የመዳሪያ ጊዜዋ አለፈ። ከባላገሩ ላይ ደግሞ ከልማዱ ውጪ ግብር ጠየቁ። ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ሲል ሊወጉት ዘመቱና ተማርከው ቀሩ። በሌላ አነጋገር ቤታቸውንም አገራቸውንም በአንድ ዓይነት ትዕቢት ነበር የሚገዙት።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። የማልስማማው «ፊታውራሪን ያጠፋቸው ትዕቢታቸው ብቻ ነው» በሚለው ላይ ነው። ትዕቢት ብቻውን ሰው አያጠፋም። ትዕቢት ቀለብ ይፈልጋል፤ ቀለቡን የሚያቀርብለት ደግሞ ወዳጅ የሚባለው ነው። እስቲ መጽሐፉን ገልጣችሁ በፊታውራሪ ገበታ ዙሪያ የሚቀመጡትን ሰዎች ቁጠሩ። የሚበላው ብዙ ነው፤ የሚጠጣው ብዙ ነው፤ «ጌታዬ እውነትዎን ነው» የሚለው ብዙ ነው። «ጌታዬ፣ ይሄ ነገር አያዋጣም» የሚለው ስንት ነው? አንድ ሰው ብቻ፤ ካሣ ዳምጤ። እሱንም አገሩ ሁሉ «ጉዱ ካሣ» ብሎ ስም አወጣለትና እንደ እብድ ቆጠረው። እብድ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማንም ለንግግሩ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ዘዴው ይሄ ነው።

«የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል» ይባል የለ? በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ፊታውራሪ መሸሻ አንድ ወዳጅ ብቻ ነበራቸው፤ እሱንም አላወቁትም።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። እኔ የቀየት ልጅ ነኝ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ሰዉ ባና ለብሶ የሚውል፣ ገብስና በግ የሞላበት አገር ነው። በመንዝ የአባወራ ቃል ከባድ ነው። አባት ሲናገር ልጅ ቆሞ ይሰማል፤ እንግዳ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይነሣል። በዚህ አላፍርም፤ ያደግሁበት ነውና እኮራበታለሁ። ደግሞም የመንዝ አባቶች ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ምስክሬ ጓሳ ነው።

የጓሳን ሣር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። ያን ሰፊ መሬት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለብዙ ዘመን በጋራ ጠብቀውታል። አለቃ መርጠው ይሾማሉ፤ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆያሉ፤ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ለሁሉም ይከፍታሉ፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። አለቃው አለቃ ነው፤ ነገር ግን የመረጡት ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ያዩታል። ብቻውን ተነሥቶ «ዛሬ ለከብቴ ይከፈት» ሊል አይችልም። እርግጥ ያም ሥርዓት እንከን ነበረበት፤ በርስት ላይ የቆመ ስለ ነበረ ከተወላጆቹ ውጪ የሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮም አብሮ ቀረ። እኔ የምለው ግን አንድ ነገር ነው፤ አባቶቻችን አለቃ ያለ ተቆጣጣሪ እንደማያምር ለሣር ያውቁ ነበር። ታዲያ ለሣር ያወቅነውን ለሴት ልጅ እንዴት አጣነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት በሰው ለመፍረድ አይደለም። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ እናገረዋለሁ።

ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ገጠር ውስጥ ነበር። በስድስተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም። ጥያቄውን ጽፌ ሳልጨርስ እጇን ታወጣለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ዓመት አይሞላም። አባቷ ደግ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ድንጋይ ከተሸከሙት አንዱ ናቸው፤ እኛን ልምምድ ላይ ያለነውን ልጆች «ከእናታችሁ ቤት ወጥታችሁ እንዳትራቡ» እያሉ እንጀራ የሚልኩልን እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን የፅዋ ማኅበር ተራቸው ደርሶ ጠሩኝ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ከሽማግሎቹ ጎን አስቀመጡኝ፤ ጠላ ተቀዳልኝ። ጥቂት ቆይተው አባትየው ወደ እኔ ዞር አሉና፣

«መምህር፣ ልጅቷን ከፋሲካ በኋላ ልንድራት ነው። ቤቱም ደኅና ቤት ነው፣ ዘሩም ደኅና ዘር ነው። አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሎቹ ሁሉ አዩኝ። እናትየው ከምድጃው አጠገብ ሆና እሷም አየችኝ። እኔም ጠላዬን ይዤ፣ «እግዜር ያሳምርልዎ፣ አባባ» አልኩ።

ሽማግሎቹ «አሜን» አሉ። ጨዋታው ቀጠለ። እናትየው ፊቷን ወደ እሳቱ መለሰች።

ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ልጅቷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። ጎኗ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ዴስኩን ለብቻዋ ይዛ ተዘርግታ ተቀምጣለች። ጥያቄ ጽፌ ስዞር የሚወጣ እጅ አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ቃል ነው፤ «ምን ትላለህ?» የሚለው። ሰውየው እኮ ጠይቀውኛል! ፊታውራሪ መሸሻ ማንንም አልጠየቁም ነበር። እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ጠየቁኝ፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ አልነበሩም። የፊታውራሪ መሸሻ ወዳጅ ግን ነበር፤ ጠላ ይዞ ተቀምጦ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ፣ «አስተማሪ ፊደል ያስቆጥር እንጂ የሰው ጓዳ ውስጥ ምን አገባው?» ይሉኛል። ይህ አባባል ቀላል አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ጉዳዩ ጓዳ መሆኑ ቀርቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም አሥራ አምስት ዓመት ነበር። ያ ሕግ ተሽሯል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ለወንድም ለሴትም አሥራ ስምንት ዓመት ደንግገዋል። ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ናቸው። ከዕድሜ በታች መዳርም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ሁለተኛ፣ ልጅቷ የእኔ ተማሪ ነበረች። ፊደል የማስቆጥረው ለማን ነው? ተማሪው ሄዶ ባዶ ዴስክ ካስተማርኩ ደመወዝ በላሁ እንጂ አላስተማርኩም።

ሌሎች ደግሞ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። «እኔ ብሆን ኖሮ እዚያው ተነሥቼ ሽማግሎቹን አሳፍራቸው ነበር» ይላሉ። ጉዱ ካሣን መሆን ያምራቸዋል። ጉዱ ካሣን እኔም እወደዋለሁ፤ እንዲያውም ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ አስበልጬ። ግን እንደ ዕጩ መምህር ሳነበው አንድ ነገር ያሳዝነኛል። እውነቱን ተናገረ፤ ብቻውን ተናገረ። የተናገረው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰብለንም በዛብህንም አላዳነም፤ በመጨረሻ ከእነሱ ጋር ተቀበረ። ብቻውን የሚጮህ ሰው እውነቱ ያምራል፤ ቤቱ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ሽማግሌ በማኅበር መካከል የተሰደበ እንደሆነ ደግሞ ልጁን ከማስተማር ይልቅ ክብሩን ማስመለስ ይይዛል። ሰርጉ ይፋጠናል እንጂ አይቀርም።

የበዛብህም ነገር አለ። እዚህ ግቢ ውስጥ የበዛብህን ስም ያላነሣ የፍቅር ደብዳቤ የለም መሰለኝ። ፍቅሩን ማድነቅ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ነገር ግን አንርሳ፤ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ቤት የገባው አስተማሪ ሆኖ ነው። የተቀጠረው ሰብለን ሊያስተምር ነበር። በልብ ወለድ ያምራል፤ በሙያችን ግን አይኮረጅም። አባት ልጁን አምኖ የሚሰጠን መምህራን ነን ብለን ነው። አንድ መምህር ያንን እምነት ባጎደለ ቁጥር በዚያ ቀበሌ አሥር አባቶች «ልጄን ከትምህርት ቤት ባስቀራት ይሻላል» ለማለት ምክንያት ያገኛሉ። ለፊታውራሪዎቹ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

እንግዲህ ዝምታው አላዋጣም፤ ጩኸቱም ብቻውን አላዋጣም። ምን ይደረግ? እኔ ከውድቀቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ነገሩ ማኅበር ላይ እስኪወጣ አትጠብቁ። ልጅቷ መቅረት ስትጀምር፣ ወይም በክፍል ውስጥ ዓይኗ ሲርቅ፣ ያን ጊዜ ጠይቁ። እኔ ምልክቱን ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ አይቼው ነበር፤ «ብርድ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛ፣ የአባትየውን እውነተኛ ወዳጅ ፈልጉ። ክርስትና አባት አለ፤ ከተማ ያየ አጎት አለ፤ ልጁን አስተምሮ የተጠቀመ ጎረቤት አለ፤ የልጅቷ አክስት አለች። እናትየዋን ደግሞ አትርሱ፤ ያን ቀን ያየችኝ ዓይን ሰው ይፈልግ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። የቤቱ አባት ከአንድ ለምድ አስተማሪ ይልቅ እድሜ ልኩን የሚያውቀውን ሰው ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ለብቻ ተናገሩ፤ አክብራችሁ ተናገሩ፤ ግን ተናገሩ። «አባባ፣ ልጅዎ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ናት፤ የድንጋዩን ሸክም የተሸከሙት ለእሷ አልነበረም ወይ?» ብል ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? አላውቅም። አለማወቄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልሆነ ርዕሰ መምህሩ አለ፣ ቀበሌው አለ፣ ሕጉ አለ። የልጅ ዕድሜ ከእኛ ይሉኝታ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ገበታ ቢቀርብን፣ አንድ ሰሞን ብንኮረፍ፣ «ይሄ ጉደኛ!» ብንባልም እንቀበለው።

ለመምህራኖቻችንም አንዲት ቃል አለችኝ። የትምህርት ዘዴ አስተምራችሁናል፤ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ አስተምራችሁናል። በገበታ ላይ ሽማግሌ «ምን ትላለህ?» ሲል ምን እንደሚመለስ ግን አላስተማራችሁንም። ስታስተምሩ የኖራችሁባቸውን አገሮች፣ ያጋጠማችሁን ነገር፣ የተሳካላችሁንና ያልተሳካላችሁን ንገሩን። ልምምድ ከመውጣታችን በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጠን ለብዙ ልጅ ይደርሳል።

ወደ መኝታ ቤቱ ክርክር ልመለስና ልጨርስ። «ፊታውራሪ መሸሻ ሞተዋል» ላለው ጓደኛዬ፤ እውነትህን ነው፣ ማዕረጉም ርስቱም በሕግ ቀርቷል። «ያደግሁት እሳቸው ቤት ነው» ላለውም፤ አንተም እውነትህን ነው። እኔ የምጨምረው ይሄን ብቻ ነው። ፊታውራሪ ቢሞቱም ገበታቸው አልተነሣም። ነገ ተመድበን ወደየገጠሩ ስንወጣ በዚያ ገበታ እንጋበዛለን፤ ጠላ ይቀዳልናል፤ ሽማግሌ ዞር ብሎ ያየናል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ያን ጊዜ እንዳናስታውሰው። ዝም ባልን ቁጥር የሚነቅዘው የእኛ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የምትቃወሙኝ ካላችሁ ጽፋችሁ ከጎኔ ለጥፉ።

ከቀየት የመጣ ዕጩ መምህር