ዝምታን መግዛትና ስምን መውሰድ ይለያያሉ

«ካሮሊን ኪን» የምትባል ደራሲ በዚህ ምድር ላይ ኖራ አታውቅም። ስሟ ግን ናንሲ ድሩ በተባለችው ወጣት መርማሪ መጽሐፎች ሽፋን ላይ ሁሉ አለ። ስንት አሜሪካዊት ልጅ እነዚያን መጽሐፎች እያነበበች አድጋለች።

ስሙ የድርጅት ንብረት ነበር። ኤድዋርድ ስትራትሜየር የተባለ ሰው የልጆች ተከታታይ መጽሐፎችን እንደ ፋብሪካ ያመርት ነበር። ገጸ ባሕርይዋን ያሰበው እሱ ነው። የታሪኩን ንድፍ አውጥቶ ለተከፋይ ጸሐፊ ሰጠ። ጸሐፊዋ ሚልድረድ ዊርት፣ በኋላ ሚልድረድ ቤንሰን ተብላ የታወቀችው፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1927 ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ማስተርሷን ይዛለች።

የመጀመሪያዎቹ መጽሐፎች በ1930 ወጡ። ክፍያው ለአንድ መጽሐፍ 125 ዶላር ነው። ከሽያጭ ድርሻ የለም፤ ስምም የለም። መብቷን በሙሉ አሳልፋ መስጠቷን ፈርማለች። ከመጀመሪያዎቹ 30 መጽሐፎች 23ቱን የጻፈችው እሷ ናት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በዘበዟት!» ብሎ ይፈርዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሚልድረድ የምትፈርመውን ታውቅ ነበር። የኢኮኖሚ ድቀቱ መጥቶ ክፍያዋን ሲቀንሱባት አልጽፍም ብላ ተወችው፤ ሦስቱን መጽሐፎች ሌላ ሰው ጻፈላቸው። በኋላ ተመልሳ ቀጠለች። ይሄ ንግድ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ንግድ።

በደሉ የመጣው በኋላ ነው። ስትራትሜየር በዚያው በ1930 ሲሞት ድርጅቱ ለሴት ልጆቹ ተላለፈ። አንደኛዋ ሃሪየት አዳምስ ውሎ አድሮ «ካሮሊን ኪን እኔ ነኝ» ማለት ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ሃሪየት ብዙ ሠርታለች፦ ንድፍ አውጥታለች፣ አርማለች፣ የኋለኞቹን ራሷ ጽፋለች፣ ከ1959 ጀምሮ የድሮዎቹን እንደገና አሠርታለች። የመጀመሪያዎቹን ግን አልጻፈችም። ሚልድረድ ዝም ለማለት ተስማምታለች እንጂ ሌላ ሰው በቦታዋ እንዲቆም አልፈረመችም። የሰውን ዝምታ በገንዘብ መግዛት አንድ ነገር ነው። በዚያ ዝምታ ላይ ውሸት መገንባት ግን ሌላ ነው።

እውነቱ የወጣው በማን ንስሐ ይመስላችኋል? በማንም! በ1980 በመጽሐፎቹ መብት የተጣሉ አሳታሚዎች ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ቆሙ። ሚልድረድ ለምስክርነት ተጠራች፤ የድሮ ውሎችና ደብዳቤዎች ተገለጡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

እኛም ጋ በሌላ ሰው ስም የሚጽፍ ሞልቷል። የባለሥልጣን ንግግር፣ የባለሀብት የሕይወት ታሪክ፣ የድርጅት መጽሔት... በፍሪላንስ የምንኖር ሰዎች ይህን ገበያ እናውቀዋለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሥራው ስሙ የመጠራት መብቱን ከገንዘብ ጥቅሙ ለይቶ ያያል። ማስረጃ ለሌለው ሰው ግን አዋጅ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ብዕራችሁን ማከራየት አያሳፍርም፤ ግን ውል ይኑራችሁ። ረቂቁን፣ መልእክቱን፣ የክፍያውን ደረሰኝ አታጥፉ። የምታስጽፉም፣ ስማችሁን ሽፋኑ ላይ አድርጉ፤ ከፍላችኋል። «ብቻዬን ጻፍኩት» ብላችሁ ግን ሚዲያ ላይ አትውጡ። በምስጋና ገጹ ላይ አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ይጎድልባችኋል?

ሚልድረድ ኦሃዮ ውስጥ በቶሌዶ ከተማ ጋዜጠኛ ሆና ኖረች፤ በ2002 በ96 ዓመቷ እስክትሞት ድረስም መጻፏን አላቆመችም። ከጻፈቻቸው ተከታታይ መጽሐፎች አብልጣ የምትወደው ናንሲ ድሩን አልነበረም። ፔኒ ፓርከር የምትባለዋን፣ በራሷ ስም ያሳተመችውን ነበር።