ሳይጠመቅ ስለ ሞተው ሕፃን

ከተማሪዎቼ አንዱ በማለዳ መጥቶ መጽሐፉን ሳይገልጥ አጠገቤ ቆመ። «የኔታ፥ ታናሽ ወንድሜ በተወለደ በ30 ቀኑ ሌሊት ድንገት ሞተ። አልተጠመቀም ነበርና ጎረቤቶቻችን ለእናቴ ጠፋ ብለው ነገሯት። እውነት ነውን?» አለኝ።

ልጆች ሆይ፥ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅም በ80 ቀን እንዲጠመቁ ታውቃላችሁ። ይህም ቁጥር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ስለ አራስ ሴት መንጻት ከተጻፈው ጋራ የተስማማ ነው። ሕፃን ለሞት ሲታመም ካህኑ ቀኑን ሳይጠብቅ ያጠምቀዋል፤ ለዚህ ሕፃን ግን ማንም አልደረሰለትም።

ጎረቤቶቹ ነገሩን ከልባቸው አልፈጠሩትም። ጌታችን ኒቆዲሞስን በሌሊት ሲያስተምረው ከውሃና ከመንፈስ መወለድ የግድ መሆኑን ነግሮታል (ዮሐንስ 3፥5)። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 3 የኖኅን መርከብ ካነሣ በኋላ ጥምቀት እንደሚያድን ይጽፋል። እንግዲህ ጥምቀትን እንደ ገላ መታጠብ የሚያቃልል ሰው መጽሐፉን በደኅና አላነበበም።

ነገር ግን አንዱን ገጽ ገልጦ ሌላውን መክደን አይገባም። በማርቆስ ምዕራፍ 16 ቁጥር 16 ጌታ ስለሚድነው ሰው ሲናገር ማመንንና መጠመቅን አብሮ ይጠራል፤ ስለሚፈረድበት ሲናገር ግን አለማመንን ብቻ ይጠራል። ውሃ ያልደረሰለትን አልጨመረበትም። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ነገር እቈጥረዋለሁ።

ከጌታ ጋራ የተሰቀለው ወንበዴም ከመስቀል ወርዶ ወደ ወንዝ ሊሄድ አልቻለም፤ በዚያው ቀን ግን የገነትን ተስፋ ተቀበለ። አንዳንድ መምህራን፥ ሐዋርያት እንዲያጠምቁ የታዘዙት ከትንሣኤ በኋላ ነውና ወንበዴው ምሳሌ አይሆንም ይላሉ። መልካም፤ እንግዲያውስ ቆርኔሌዎስን እንመልከት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 መንፈስ ቅዱስ በእርሱና በቤቱ በተሰበሰቡት ላይ የወረደው ገና ሳይጠመቁ ነው። ሆኖም ጴጥሮስ፥ መንፈስ ከወረደላቸው ውሃ ምን ያደርግላቸዋል ብሎ አልተወም፤ ወዲያው እንዲጠመቁ አዘዘ። የጥንት አባቶችም ሳይጠመቁ ስለ ክርስቶስ የተገደሉትን ሰዎች በደማቸው እንደ ተጠመቁ ቈጥረዋቸዋል።

ስለዚህ የሚችል ሰው ጥምቀትን ሊያቆይ አይገባውም። የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ውሃ ባየ ጊዜ ሠረገላውን አስቁሞ ወረደ እንጂ አገሬ ስደርስ እጠመቃለሁ አላለም። ትእዛዙ እኛን ያስረናል፤ የእግዚአብሔርን እጅ ግን አያስርም። የ30 ቀን ሕፃን ትእዛዙን አልናቀም፤ አላመንህም ተብሎም ሊከሰስ አይችልም። ጠፋ ብሎ የሚፈርድበት ሰው ያልተሰጠውን ሥልጣን ወስዷል።

ልጁ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማኝ። «እንግዲያስ ለእናቴ ልንገራትን?» አለ። የንባቡ ሰዓት ገና ነበረ፤ እኔም ወደ ቤቱ ሰደድሁት።