የልብ ሕሙማንን ወረፋ በተባበረ ክንድ እናሳጥር!

የሠርቶ አደሩ ሕዝብ ጤንነት የአገር ምርትና ዕድገት መሠረት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ስለ ጤና አገልግሎት መስፋፋት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የሕንፃዎችና የመሣሪያዎች ብዛት እንጂ ሕመምተኛው በቀጠሮ የሚያሳልፋቸው ቀናት አይደሉም። በሐይቅ ዳርም ሆነ በሌሎቹ የሐዋሳ ክፍለ ከተሞች የሚገኙ የነዋሪዎች ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በጥሞና ሊመለከቱት የሚገባው ይህንኑ የተዘነጋ ሒሳብ፣ በተለይም የልብ ምርመራ ወረፋን ነው።

ወደ ልብ ጡንቻ የሚደርሰውን የደም ፍሰት በምስል የሚያሳየው ምርመራ የትኛው የጡንቻ ክፍል ደም እንዳጠረው ለይቶ ያመለክታል። መድኃኒት ይበቃ እንደሆነ፣ ወይም የጠበበውን የደም ሥር መክፈት ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ሐኪሙን ይረዳል። ለምርመራው በብዛት የሚያገለግለው ቴክኒሺየም 99ኤም የተሰኘው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ኃይሉ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ እንደ ሌላው መድኃኒት በመጋዘን አይከማችም። ምንጩ የሆነው ሞሊብዲነምም የሚመረተው በጣት በሚቆጠሩ የኑክሊየር ማብላያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የካናዳና የኔዘርላንድስ ማብላያዎች ለጥገና በተዘጉ ጊዜ በበለጸጉት አገሮች ሳይቀር የሕሙማን ቀጠሮ ተራዝሟል። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መሣሪያ መትከል ብቻውን ወረፋ አያሳጥርም። አቅርቦት፣ ጥገናና የሠለጠነ ባለሙያ ካልተሟሉለት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በአገራችን ከፍተኛው የልብ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባ ተከማችቶ ኖሯል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገንዘብ ያለው ወደ ግል ሕክምና ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ዓሣ አስጋሪውና የቀን ሠራተኛው ግን የመጓጓዣውንና የማደሪያውን ወጪ ችለው፣ የቀን ገቢያቸውንም አጥተው ተራ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ወረፋ የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ፍትሕ ጥያቄ ነው።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. በተከፈተው የልብ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከእነዚህ ሕሙማን የብዙዎቹ መነሻ በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ቁስለቱ ወደ ሩማቲክ ትኩሳት ተሸጋግሮ የልብን በሮች ያበላሻል። በወቅቱ የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህንን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ወረፋው የሚጀምረው በሆስፒታል ደጃፍ ሳይሆን በየመንደራችን መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

በዚህ ረገድ ከሁሉም ወገን የሚጠበቁ ተግባራት አሉ። ሆስፒታሎች ተራ የሚሰጡት በበሽታው ክብደት እንጂ በዘመድ አዝማድና በእጅ መንሻ አለመሆኑን በተግባር ሊያሳዩ፣ አማካይ የቀጠሮ ጊዜያቸውንም በየወሩ ለሕዝብ ሊገልጹ ይገባል። የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ለመሣሪያ ግዢ የሚያሳዩትን ትጋት ለመለዋወጫና ለጥገና ባለሙያም ማሳየት ይኖርባቸዋል። የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በበኩላቸው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተባብረው የደም ግፊት ልኬታን ያስተባብሩ፤ ጉሮሮውን ያመመውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱ፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለት እንዳያቋርጥ ይከታተሉ። በቀጠሮው መገኘት የማይችል ሰውም አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ባዶ የቀረች አንዲት ቀጠሮ ከሌላው ሕመምተኛ የተነጠቀች ዕድል ናትና። ድንገተኛና ከባድ የደረት ውጋት የያዘው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል በፍጥነት ሊወሰድ ይገባል።

ወረፋ የአቅርቦት ማነስና የአሠራር ጉድለት ውጤት በመሆኑ በተደራጀ ጥረት ሊቀንስ ይችላል። የሐይቅ ዳር ነዋሪዎችና ሠራተኞች በየስብሰባቸው አጀንዳ አድርገው ይያዙት፤ የቀጠሮውን ቀን ይቁጠሩ፤ መልስም ይጠይቁ። የታመመ ልብ የቀጠሮ ደብተር አያነብምና!