የምንወጣው ከየትኛው ከሰል ነው?

ደቡብ አፍሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በ2015 ዓ.ም. በደወለ ቁጥር ወሬው አንድ ነበር፦ "ዛሬም መብራት የለም።" የሱቁ ፍሪጅ ይቀልጣል፣ ጀኔሬተሩ ትርፉን ይበላል። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ እዚያ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? ወሬውን ታውቁታላችሁ።

የሚገርመው፣ ያ አገር ከ80 በመቶ በላይ መብራቱን የሚያገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው። ከሰሉ ሞልቶ መብራቱ ጠፋ፣ ያረጁት ጣቢያዎች እየተበላሹ። "ለድሃ አገር ከሰል ይሻላል፣ አስተማማኝ ነው" ለሚል ሰው መልሱን ልጆቻችን በጨለማ ሱቅ ውስጥ ቆመው አይተውታል።

ወደ ቻይና ልምጣ። መስከረም 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እኛ ለያሆዴና ለመሳላ ስንዘጋጅ፣ ፕሬዝዳንት ሺ ጂንፒንግ ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሲናገሩ አገራቸው ከእንግዲህ በውጭ አገር አዲስ የከሰል ኃይል ጣቢያ እንደማትገነባ፣ ታዳጊ አገሮችንም በንፁህ ኃይል እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ቀላል ነገር አይደለም። እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ላሙ ላይ በቻይና ገንዘብ ትልቅ የከሰል ጣቢያ ሊሠራ ታቅዶ ነበር፤ ሕዝቡ ተከራክሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን አሰረዘው።

"እኛ ከሰል ጣቢያ የለን፣ ምን አገባን?" የሚል አለ። እውነት ነው፣ የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው። የቻይና ገንዘብም እኛ ጋ ሲመጣ ወደ ውሃና ንፋስ ነው የሄደው። የአዳማ 1 እና 2 የንፋስ ጣቢያዎች፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት፣ በቻይና ብድር ተሠሩ። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግቤ 3 ተርባይን ከቻይና ነው የመጣው፣ ብድሩም ከቻይና ባንክ። ውሃው ደግሞ የእኛው ነው፣ ከሀዲያ ቆላ ሥር የሚወርደው ግቤ።

ታዲያ እናቴ ዛሬም ቆጮውን የምትጋግረው በእንጨት ነው። ዓይኗ በጭስ አልቋል። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ መብራት ያለው ቤት እንኳ ቡናውን የሚያፈላው በከሰል ነው፤ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል በሞተርና በጋሪ ሲገባ በየቀኑ እናያለን። ዓለም ከድንጋይ ከሰል ልውጣ ይላል። እኛ ከእንጨት ከሰል መቼ ነው የምንወጣው?

ችግሩ ግድብ ማጣት አይመስለኝም። መሃል ያለው ነገር ነው የጎደለን፦ ሽቦ፣ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ሰፈሩ በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ቢጋግር ደካማው ትራንስፎርመር አይችለውም። አበዳሪ ግን ተርባይን ይወዳል፤ የራሱን ማሽን ይሸጥበታል፣ ሪባን ይቆረጥበታል። ለቀበሌ ትራንስፎርመር ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። ቻይና በውጭ አገር አዲስ የከሰል ጣቢያ ላለመገንባት ቃል መግባቷ ጥሩ ነው፤ ግን ቃሉ የሚለካው በሚቀጥለው ብድር ነው። መንግሥታችን ለሚቀጥለው ብድር ሲደራደር "ሌላ ጣቢያ" ብቻ አይበል። "ማከፋፈያ መስመር፣ መስመር ለማይደርስበት ገጠር ፀሐይ፣ ለእናቶች ምጣድ" ይበል። ንፁህ ኃይልም ቢሆን ዕዳ ዕዳ ነው። የምንከፍለው ሁላችንም ነን፣ እናቴም ጭምር።

ዕዳውን ከከፈለች፣ ጭሱ ይቅርላት።

እናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው? ምሰሶው ደርሷል ወይስ በላያችሁ አልፎ ሄዷል?