ፓርቲ ሲበደር ከፋዩ ማን ነው?

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ስለ ፓርቲዎች ገንዘብ እናወራለን። ማን ሰጠ? ስንት ሰጠ? ከውጭ የመጣ አለበት ወይ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ብድር የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አይገጥመኝም። ብድር ሲባል ንጹሕ ይመስለናላ! ወስዶ የሚመልስ ሰው ምን አጠፋ?

እስቲ ቋንቋችንን ልብ በሉልኝ። ታመን ለጠየቀን፣ በሐዘናችን ለደረሰልን ሰው «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እንላለን። ማንም ብር አላበደረንም እኮ፤ ውለታውን ነው ብድር ያልነው። በዚህ ጉዳይ አባቶቻችን ከብዙ ሕግ አውጪ የተሻለ ገብቷቸዋል።

እኔ ብድር ለፓርቲ ከስጦታ የባሰ ገመድ ነው ባይ ነኝ። የሰጠ ሰው ሰጠ፣ አለቀ። ያበደረ ሰው ግን ምርጫው ካለፈ በኋላም ቀን ቆጥሮ ይመጣል። «ዛሬውኑ ክፈሉኝ» ማለት ይችላል። «ይቆይ፣ ግድ የለም» ማለትም ይችላል። ሲፈልግ ደግሞ «ምሬያችኋለሁ» ይላል። ሦስቱም በተመረጠው ሰው ላይ ሥልጣን ይሰጡታል።

ይሄ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ፓርቲዎች ከ5,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ስጦታ ከተቀበሉ የሰጪውን ስም ለምርጫ ኮሚሽኑ ማሳወቅ ነበረባቸው። በገበያ ወለድ የተወሰደ ብድር ግን ማሳወቅ አይጠበቅባቸውም። ምን ሆነ መሰላችሁ? ለ2005ቱ ምርጫ የቶኒ ብሌር ሌበር ፓርቲ ወደ 14 ሚሊዮን ፓውንድ ከሀብታሞች በምስጢር ተበደረ። ተቃዋሚዎቹ ወግ አጥባቂዎችም በሚሊዮኖች ተበድረው ነበር፤ በዚህ ሁለቱ ተስማምተዋል! ካበደሩት አንዱ በኋላ እንደተናገረው እሱ ያሰበው ስጦታ ነበር፤ ብድር ይሁንልን ያሉት ፓርቲዎቹ ናቸው። የሌበር ገንዘብ ያዥ ራሱ፣ ጃክ ድሮሚ፣ «እኔ አላውቅም» ብሎ አደባባይ ወጣ። ገንዘብ ያዡ የማያውቀው ብድር!

ጉዳዩ በ2006 የፈነዳው ካበደሩት አንዳንዶቹ ለሎርዶች ምክር ቤት አባልነት መታጨታቸው ሲታወቅ ነው። ፖሊስ ከአንድ ዓመት በላይ መረመረ፣ ብሌርም በሥልጣን ላይ እያለ ቃሉን ሰጠ። በመጨረሻ ማንም አልተከሰሰም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ክሱ መቅረቱ አይደለም። አበዳሪዎቹን የደበቀው ክፍተት ሕጉ ራሱ የተወው መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሽለው ብድርም፣ ዱቤም፣ ዋስ መሆንም እንደ ስጦታው እንዲመዘገብ አደረጉ።

ሌላው የብድር ጣጣ ደግሞ ዕዳ ይሸጣል፣ እጅ ይለውጣል። የፈረንሳዩ የማሪን ለፔን ፓርቲ የአገሩ ባንኮች አላበድር ሲሉት በ2014 ከአንድ የሩሲያ ባንክ 9 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተበደረ። ባንኩ በ2016 ፈቃዱን ተነጠቀ። ከዚያ ዕዳው ዞሮ ዞሮ የአውሮፕላን መለዋወጫ በሚነግድ የሩሲያ ኩባንያ እጅ ገባ። ፓርቲው ያንን ኩባንያ አበዳሪዬ ይሁን ብሎ አልመረጠውም። በ2022 የፕሬዚዳንታዊ ክርክር ላይ ማክሮን ይህንኑ ብድር አንስቶ ፊት ለፊት ወጋት። ፈረንሳይ ግን ከዚያ ቀደም ብላ በ2017 ፓርቲዎች ከአውሮፓ ውጭ ካሉ ባንኮች እንዳይበደሩ በሕግ ከልክላ ነበር።

ዕጩው ለራሱ ሲያበድርስ? አሜሪካ ውስጥ ዕጩ ለምርጫ ዘመቻው ካበደረው ገንዘብ ከምርጫው በኋላ በሚሰበሰብ መዋጮ ሊመለስለት የሚችለው እስከ 250,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሴናተር ቴድ ክሩዝ በ2018 ሆን ብለው 260,000 አበደሩና ከሰሱ፤ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ገደቡን ሻረላቸው። እኔ ከሦስቱ ጋር ነኝ። ሰውዬው ካሸነፈ በኋላ የሚሰጥ መዋጮ ለቅስቀሳ አይደለም፤ ቀጥታ ኪሱ ነው የሚገባው፤ ሰጪውም ለማን እየሰጠ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

«የእኛን ፓርቲዎች ደግሞ ማን ያበድራቸዋል? ለቢሮ ኪራይ የሚቸገሩ ናቸው» የሚል አይጠፋም። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። በእኛ አገር ብድር ሁልጊዜ ከባንክ አይመጣም። ማተሚያ ቤቱ ፖስተሩን በዱቤ ያትማል። ባለአዳራሹ «ኪራዩን በኋላ ትሰጡኛላችሁ» ይላል። ሞንታርቦውና መኪናው በትውውቅ ይመጣል። ፓርቲው ከተሸነፈ የማተሚያ ቤቱ ገንዘብ ቀለጠ። ካሸነፈስ? የወረዳው የኅትመት ጨረታ እያለ ያን ዱቤ ማን በጥሬ ብር ይጠይቃል?

የምርጫ አዋጃችን፣ ቁጥር 1162/2011፣ ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ከውጭ መንግሥታት ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፣ ሂሳባቸውም እንዲመረመር ያዛል። ደግ ነው። ግን ስጦታ ብቻ እየጠበቅን ብድሩን ካልጠየቅን በሩን ዘግተን መስኮቱን ክፍት መተው ነው።

ብድር ይከልከል አልልም። ከተከለከለ የሚወዳደረው ባለገንዘብ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰውማ ዕጩ መሆንን በሕልሙም አያየው (አንዳንዶቻችሁ ለምን እንዲህ እንደምል ታውቃላችሁ 😄)። የምለው አበዳሪው ማን እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደሆነ፣ ወለዱና መክፈያ ቀኑ በግልጽ ይጻፍ። ዱቤም እንደ ብድር ይቆጠር። «ተውኩት» የተባለ ዕዳ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስጦታ ይባል፤ በስጦታ ጣሪያውም ይመዘን። የመክፈያ ቀኑ አልፎ ዓመት ሙሉ ዝም የተባለ ዕዳም እንደዚያው፤ ዝም ማለትም መስጠት ነውና።

ይሄ ሁሉ ደግሞ ምርጫ ቦርድ ግድግዳ ላይም ሆነ ድረ ገጹ ላይ መለጠፍ ያለበት ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ነው። ካርዴን ሳጥን ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ለሚወጣ የኦዲት ሪፖርት እኔ ምን ላድርገው?