ሌባው ሲሻገር መርማሪው እንዳይቆም



የሥልጣን ወሰን የከብት ሌባን አያስቆመውም፤ መርማሪውን ግን ያስቆመዋል። የዚህ እትም ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ጎሣ ምድር በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ የተዘረጋ፣ የራሱ ፖሊስና ፍርድ ቤት ያለው ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 በኦሊፋንት ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ፣ የጎሣ ፍርድ ቤቶች ከነባር ሕዝቦች ወገን ያልሆነን ሰው ኮንግረስ ካልፈቀደ በቀር በወንጀል እንዳይዳኙ አግዷል። በዚህ ላይ ከናቫሆ ምድር የተሰረቀች ላም ወሰኑን ተሻግራ ለጨረታ ስትቀርብ፣ በጋለ ብረት የታተመባትን የባለቤትነት ምልክት የሚያየው የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ነው። የአርቢው አቤቱታ ግን ያለው በጎሣው ፖሊስ እጅ ነው።

ስለዚህ የምልክት መዝገብ መለዋወጥ፣ አብሮ መመርመርና የአንዱ መኮንን በሌላው ወሰን እንዲሠራ የሚፈቅድ ስምምነት መፈረም የግድ ነው። መተማመኑ ግን በፊርማ ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፌዴራሉ መንግሥት የግጦሽ መሬት ተጎዳ ብሎ የናቫሆን በጎችና ፍየሎች በገፍ ማስወገዱ እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ነው። ባለሥልጣን ስለ ከብት ሊጠይቅ ሲመጣ አርቢው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

በውስጥ ገጾች ሕጉን፣ የገበያ ቁጥጥሩንና ይህን ታሪክ በየተራ እናያለን። እምነታችን ግልጽ ነው፦ ከብቱን የተዘረፈ ሰው «ጉዳዩ እኛን አይመለከትም» እየተባለ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የለበትም። የጎሣውን ሥልጣን ያከበረ ትብብር ለአርቢው የሚገባው ፍትሕ ነው።



አዘጋጁ