ሳይቃጠል በቅጠል፦ እማማን ማን ያወጣቸዋል?

ለዛሬ ልናነሳው የወደድነው ጉዳይ እሳት ሲነሳ አዛውንቶቻችንን ከቤት ስለ ማውጣት ነው።

እዚህ ካኩማ በደረቁ ወራት ነፋሱ እንዴት እንደሚነፍስ ሁላችንም እናውቃለን። የሸራ ቤት አንዴ ከተያያዘ በደቂቃዎች ያልቃል። የጭቃ ቤትም ቢሆን እንጨቱና ልብሱ ይነዳል፤ ከነበልባሉ ቀድሞ ሰውን የሚጥለው ደግሞ ጭሱ ነው። ወጣቱ ዘሎ ይወጣል። ጆሯቸው የከበደ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ያለ ምርኩዝ የማይነሱ እናትና አባትስ?

"ጎረቤት ያወጣቸዋል" እንላለን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት እናት ልጆቿን ትቆጥራለች፣ አባት ራሽን ካርዱን ይፈልጋል፣ ሌላው እገሌ አውጥቷቸዋል ብሎ ያስባል። ስለዚህ በየብሎኩ ለእያንዳንዱ አዛውንት ሁለት ሰው በስም ይመደብ፤ አንዱ ባይኖር ሌላው ይደርሳል። ማን እንደሚመጣላቸው እሳቸውም ይወቁ፣ የብሎክ ሊደሩም ይመዝግበው።

ሁለተኛው የበር ነገር ነው። ሌባ ፈርተን በሩን ከውስጥ በጓጉንቸር ቆልፈን ቁልፉን ትራስ ሥር እንወሽቃለን። በጭስና በጨለማ ቁልፍ መፈለግ ለወጣትም ይከብዳል። ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይሻላል። አጥርም እንዲሁ መውጫ ይኑረው። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በባንግላዴሽ ኮክስ ባዛር፣ በሮሂንጋ ስደተኞች ካምፖች በተነሳው እሳት ከ10 በላይ ሰዎች ሞተው 45 ሺህ ያህሉ መጠለያ አጥተዋል። የሽቦ አጥሩ መሸሻ እንደከለከላቸው የተረፉት ተናግረዋል።

ዛሬውኑ ያለ ገንዘብ የሚደረግም አለ። የአዛውንቱ መኝታ ከበሩ አጠገብ ይሁን። ምርኩዝ፣ ጫማና ባትሪ እጃቸው የሚደርስበት ይቀመጥ። ራሽን ካርድና መድኃኒት በአንድ ከረጢት በሩ ጋ ይንጠልጠል፤ ለወረቀት ብሎ ወደ እሳት የሚመለስ እንዳይኖር። መተላለፊያው ላይ ማገዶና ጄሪካን አይከመር። መራመድ የማይችሉትን ብርድ ልብስ ላይ አስተኝቶ፣ ራሳቸውን ወደ በሩ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ መጎተት ነው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ መሬቱ አካባቢ አየሩ ይሻላል። ከወጡ በኋላ ነፋሱ እሳቱን ወደሚወስድበት በኩል አይኬድም።

ይህን ስናነሳላቸው "እናንተ ልጆቹን አውጡ፣ እኔ ኖሬያለሁ" የሚሉ እናቶች አሉ። እሺ ብለን እንዳንተዋቸው። ያን ሁሉ በረሃ አብረውን ያቋረጡት እዚህ ቤት ውስጥ ሊቀሩ አይደለም።

በዚህ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ፣ ከመኝታቸው እስከ መንገዱ አንዴ አብራችኋቸው ሂዱና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እዩ። ማንበብ ለማይችሉም ይህንን አንብቡላቸው።

ቸር ይግጠመን።